የማሞቂያው ቀይ ነጥብ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴም ቢሆን። እሳቸው ፊት ተንበርክኬ «ዋሽቻለሁ» ብያለሁ፤ እሳቸውም ማንን ዋሸሽ፣ ምን ብለሽ ዋሸሽ ሳይሉ ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ። ጉልበቴ ታመመ እንጂ ልቤ አልቀለለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ቁስሉን በነጠላዬ ሸፍኜ ሐኪም ቤት ስመላለስ የኖርኩ ሴት ነኝ።

በአማርኛ የምጽፈው አውቄ ነው። የቤቴ ቋንቋ ትግርኛ ነው። ባለቤቴን የወደድኩት በትግርኛ ነው፣ የዋሸሁትም በትግርኛ ነው፤ በዚያ ልናገረው ስል አፌ ይተሳሰራል። አማርኛን ግን ትምህርት ቤት ነው ያገኘሁት፤ ኋላም ለብዙ ዓመት አስተማርኩት። በአማርኛ ስናገር ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩ ያህል ወገቤ ይቀናል። የሰው ልጆችን ስህተት በቀይ ቀለም ሳርም ኖሬ የራሴን አንድ ቀን እንኳ አላረምኩም። እንግዲህ ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ፤ አታቋርጡኝ፤ ካቋረጣችሁኝ አልጨርሰውም።

ነገሩ የአንድ የውሃ ማሞቂያ ነገር ነው። አትሳቁ። እኔም ቢሆን ሰው በማሞቂያ ምክንያት ይኮነናል ቢሉኝ እስቅ ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ የትምህርቱም የመሥሪያ ቤቱም ነገር በአማርኛ የሆነበት ጊዜ። እኔ አዲስ መምህርት ነበርኩ። ባለቤቴ ተስፋይ አስመራ ውስጥ አሜሪካኖቹ ቃኘው በሚሉት የጦር ግቢያቸው፣ ለሰፈሩ ሁሉ ውሃ በሚሞቅበት ክፍል ይሠራ ነበር። አንዲት ጣሊያናዊት ሴትዮ ወደ አገሯ ስትመለስ ጸጸራት ሰፈር ያለውን ቤቷን ተከራየን። ሳሎኑ ጠባብ፣ ጓሮው ሰፊ ነው። ባኞ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ነጭ፣ ሆዱ የተነፋ በርሜል ተሰቅሏል። ሴትዮዋ «ስካልዳባኞ» አለችን፤ የውሃ ማሞቂያው መሆኑ ነው።

እኔ የድሆቹ ሰፈር የዓባ ሻውል ልጅ ነኝ። ውሃ ከቦኖ ተሰልፌ በጀርባዬ ተሸክሜ ነው ያደግሁት። ሙቅ ውሃ ማለት እናቴ ፈርኔሎ ላይ ከሰል አቀጣጥላ፣ ቅዳሜ ማታ ለሁላችንም ተራ በተራ የምታዘጋጀው ነገር ነበር። አዘገጃጀቷ ሥርዓት አለው። ሳፋው ውስጥ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ታደርጋለች፣ ከዚያ የፈላውን ትጨምራለች፣ በመጨረሻ እጇን ታስገባለች። ክርኗን ሳይቀር ትነክራለች። «እጅ ያልገባበት ውሃ ሰው አይነካም» ትል ነበር። ዓባ ሻውል ውስጥ ይህን የማታውቅ ሴት ልጅ አልነበረችም፤ እኔም አውቅ ነበር። አውቅ እንደነበር ልብ በሉልኝ።

አዲሱ ቤት በገባን ማግስት ጠዋት ቧንቧውን ከፈትኩ። ከግድግዳ ውስጥ ሙቅ ውሃ ወጣ። ከሰል የለ፣ ጭስ የለ፣ የሚያራግብ ሰው የለ። ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እጄን ከሥሩ አድርጌ አለቀስኩ። ጌታ ሆይ፣ ይህ ሁሉ ክብር ለእኔ ነው? አልኩ። ዛሬ ልጆች ይህን ስነግራቸው ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። እኔ ግን ያን ጠዋት የተሰማኝን ዓይነት መደነቅ በቅዳሴም ሰዓት ብዙ ጊዜ አላገኘሁትም።

ተስፋይ ደግሞ ከእኔ ባሰ። ከማሞቂያው ሆድ ሥር ትንሽ ማዞሪያ ነበረች፣ ጠቋሚ ያላት፤ ሙቀቱን ከፍና ዝቅ የምታደርገው እሷ ናት። ቁጥሮቹን ሴትዮዋ ስትወለውል አጥፍታቸዋለች። ተስፋይ ከሥራ ቤቱ የሙቀት መለኪያ ተውሶ መጣ። ማዞሪያዋን ጥቂት ያዞራል፣ ውሃው እስኪሞቅ ይጠብቃል፣ ይለካል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ እንደገና ያዞራል። ትኩሳት ያለበት ሕፃን የሚያስታምም ይመስል ነበር። በመጨረሻ አንድ ቀን ከባኞ ቤት ጮኸ።

«ለተ! ያንን ቀዩን የጥፍር ቀለምሽን አምጪልኝ!»

«ምነው፣ ጥፍርህን ልትቀባ ነው?» አልኩት።

ሳቀ። የጥፍር ቀለሜን ተቀብሎ ከማዞሪያዋ አጠገብ አንዲት ቀይ ነጥብ አስቀመጠ። ከዚያ አስጎንብሶ አሳየኝ።

«ከዚህች በታች ከሆነ አንድ ሰው ታጥቦ ውሃው ያልቃል፣ የሳህንም ስብ አይለቅም። ከዚህች በላይ ከሆነ ሥጋ ይልጣል፤ የውሃው ኖራ የማሞቂያውን ሆድ ይበላዋል፤ መብራቱም በከንቱ ይነዳል። እዚህች ላይ ግን ሁሉም ልክ ነው። ማንም እንዳይነካት፣ እሺ?»

«እሺ ጌታዬ፣ ታቦት ናትና አልነካትም» ብዬ አሾፍኩበት።

እሱ ግን አላሾፈም። ነገር ሁሉ ልክ እንዳለው ሲያስብ ፊቱ ይበራ ነበር። አንድ ቀን አስመራ ላይ ውሃ ከቆላው አገር ቀድሞ እንደሚፈላ ነገረኝ። «ለምን?» አልኩት። «ከፍታው ነው፤ ለሰማይ ስለቀረብን» አለ። ይህን ሲለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚያወራ ሰው። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እኔ የበደልኩት።

የመጀመሪያ ልጃችን ሰናይት ተወለደች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ልትነሣ፣ በዋዜማው ዘመድ ሁሉ ቤታችን ፈሰሰ። የተስፋይ ወገኖች ከአገር ቤት፣ የእኔ ከዓባ ሻውል፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራትም ለእንኳን ደስ ያለሽ። ከግድግዳ የሚወጣውን ሙቅ ውሃ ያላየ ሊያይ፣ ያየም ሊታጠብበት ፈለገ። ስለሱ የማወራው እኔ ነበርኩ፤ መምህራን ክፍል ውስጥ ሳልናገር የዋልኩበት ቀን የለም። እና ሦስተኛዋ ሴት ስትታጠብ ውሃው ቀዘቀዘ። አንዷ መምህርት ከባኞ ቤት ብቅ ብላ «ለተ፣ ይሄ ነው ያ ጉደኛው ማሞቂያሽ?» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ቆሰለ።

ተስፋይ ጠዋት ሲወጣ ለምኖኝ ነበር። እስከ ማምሻው ሥራ ነበረበት። «በተራ ይታጠቡ፤ በመሃሉ ጠብቂ፣ ይሞቃል» ብሎኛል። ትዕግሥት ብቻ ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን ባኞ ቤት ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ጎነበስኩ። ማዞሪያዋን ከቀዩ ነጥብ አንሥቼ እስከ መጨረሻው አዞርኳት።

አዞርኳት። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልገፋኝም። በሐሳቤ ደግሞ ብልጥ ነበርኩ፤ በጣም የጋለ ውሃ ከቀዝቃዛው ጋር ሲቀላቀል ለብዙ ሰው ይበቃል አልኩ። እውነት ነው፣ በቃም። ለሴቶቹ «ቀዝቃዛውን ቀላቅሉ፣ ያቃጥላል» እያልኩ አስጠነቀቅኳቸው፤ ሁሉም ታጠቡ፣ ሁሉም አደነቁ። «ወይ ለተ፣ ታድለሽ» አሉ። እኔም ታድዬ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ የተስፋይ አባት አቦይ ገብረዝጊ ከአገር ቤት ደረሱ። ከአውቶቡሱ ፌርማታ ጀምሮ በእግራቸው መጥተው፣ በረባሷቸው አቧራ ለብሶ፣ ለልጅ ልጃቸው አንዲት ነጭ ጠቦት እየጎተቱ። እኚህ ሰው ሽኮር፣ ማለትም የስኳር በሽታ ነበረባቸው። እግራቸው ደንዝዟል። ከዚያ በፊት በመጡ ጊዜ ሚስማር በረባሷቸውን በስቶ እግራቸው ውስጥ ገብቶ ሳሎኑን በደም እያተሙ ሲመላለሱ እሳቸው አላወቁም ነበር። «እነዚህ እግሮች የእኔ አይደሉም፤ የሆነ ሰው አውሶኝ ነው» እያሉ አስቀውናል። እንግዲህ ይህንንም አውቅ ነበር።

በእኛ አገር አማት ከመንገድ ሲመጣ ምራት እግሩን ታጥባለች። ተንበርክካ፣ በእጇ አሽታ፣ በመጨረሻ ጉልበቱን ስማ ትነሣለች። እኔ አቦይን እወዳቸው ነበር። ግን ባልደረቦቼ ሳሎን ተቀምጠዋል፤ ጥፍሬን ተቀብቻለሁ፤ አዲስ ቀሚስ ለብሻለሁ። መምህርት ሆኜ፣ በአማርኛ ሰዋስው የምመራመር ሴት ሆኜ፣ እነሱ ፊት ልንበርከክ? ቶሎ ልገላግለው አልኩ። አቦይን ጓሮ በረንዳው ላይ አስቀመጥኳቸው። ሳፋውን ከሙቁ ቧንቧ ብቻ ሞላሁት። ሙቁን አስቀደምኩ፤ እናቴ ቀዝቃዛውን ስታስቀድም እያየሁ አድጌ ሙቁን አስቀደምኩ። አምጥቼ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩት።

«አቦይ፣ ይቆዩኝ፣ ቀዝቃዛ ልጨምርበት» ብያለሁ እላለሁ ለራሴ። ብዙ ዓመት እንዲህ እያልኩ ኖሬአለሁ። አላልኩም። ልል ነበር፣ ሰናይት አለቀሰችና ተነሣሁ። እሷን አባበልኩ። ከዚያ አንዷ መምህርት አንድ ነገር አለች፣ እኔም መለስኩላት፣ ሳቅን። ምን እንዳለች ዛሬ አላስታውስም፤ ሳቄን ግን አስታውሳለሁ።

እጄን አላስገባሁም። ሌላውን ሁሉ ብታነሡልኝ ይህችን አታነሡልኝም። እጄን ውሃው ውስጥ አስገብቼ ቢሆን እጄ ይነግረኝ ነበር። እጄን አላስገባሁም።

ስመለስ አቦይ ሁለት እግራቸውን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ነክረው ተቀምጠዋል። ከሳፋው እንፋሎት ይነሣል። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ሁለቱን መዳፎቻቸውን ወደ ላይ ዘርግተዋል፤ ፊታቸው ከቁርባን የተመለሰ ሰው ፊት ነበር።

«ማዩ ጥዑም'ዩ፣ ጓለይ» አሉኝ፤ ውሃው ጣፋጭ ነው፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ከስንት ጊዜ በኋላ ሙቀት ጉልበቴ ድረስ መጣልኝ። እግዚአብሔር ይባርክሽ። እጅሽ ይባረክ። ማሕፀንሽ ይባረክ።»

እግራቸው እየተቀቀለ እጄን ይባርኩ ነበር።

ያኔ ነው እጄን ያስገባሁት። እግራቸውን ላወጣ ነከርኩት፤ እኔ ጮህኩ፣ እሳቸው ግን «ምነው? ምን ነካሽ?» አሉኝ። እግራቸውን ሳወጣው ቆዳው አብሮ ተነሣ። ከዚህ በላይ አልናገርም። ቤቱ ተተራመሰ፣ ጎረቤት ማኪና አቀረበ፣ ወንዶቹ ተሸክመው አስገቧቸው። እሳቸው ከማኪናው ውስጥ «ደሓን'የ፣ ደህና ነኝ፣ ልጅቱን አታስደንግጧት» ይላሉ። የተቃጠለ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁት።

አብሬ መሄድ ነበረብኝ። ማኪናው ሲነሣ ሁሉም ወደ በሩ ሮጠ፤ እኔ ወደ ባኞ ቤት ሮጥኩ። ጎነበስኩ። ማዞሪያዋን መልሼ በቀዩ ነጥብ ላይ አስቀመጥኳት። በጥንቃቄ፣ ልክ ተስፋይ እንደሚያደርገው፣ ጠቋሚዋ ትክክል ነጥቡ ላይ እስክታርፍ። ወደ ላይ ሳዞራት ሞኝ ነበርኩ፤ ወደ ታች ስመልሳት ግን ምን እንደማደርግ አሳምሬ አውቅ ነበር።

ተስፋይ ወሬው ሥራ ቦታው ደርሶት በሆስፒታሉ በኩል መጣ። ማንንም ሳያናግር ባኞ ቤት ገባና ቧንቧውን ከፈተ። በርሜል ሙሉ የጋለ ውሃ ቶሎ አይበርድም፤ ጣቱን አቃጠለው። ጎነበሰ። ጠቋሚዋ ነጥቡ ላይ ናት።

«ለተ፣ ሰው ነክቷታል?» አለኝ።

«ማን ይነካታል? አንተ ያስቀመጥክበት ናት» አልኩት።

ቀና አለ። እኔ ያን ጠዋት በደስታ ያለቀስኩበት ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «እንግዲህ ነጥቡን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ እጄ ጠየቀኝ፤ እሳቸውን ሳወጣ ተቃጠልኩ አልኩት። እጄን ይዞ ሳመው። ተውኩት፤ ሳመው።

ክርስትናው በማግስቱ ተፈጸመ፤ ድግሱ ለቅሶ መሰለ። የተስፋይ ታላቅ ወንድም ሃይሌ ለምሳ ሲቀመጥ እጁን የማስታጥበው እኔ ነበርኩ። ውሃ እያፈሰስኩለት ወንድሙን ቀና ብሎ አየውና ሰው ሁሉ እየሰማ «የፈረንጅ ጥበብህ የአባታችንን እግር ቀቀለ» አለው። ተስፋይ አንገቱን ደፋ። እኔ ማንቆርቆሪያውን አላናወጥኩትም። ጠብታ እንኳ ከሳህኑ ውጪ አልፈሰሰም፤ ይህንን የሚያህል ልብ ከየት አመጣሁት?

የስኳር በሽተኛ ቁስል አይጠግም። ክረምቱን ሁሉ እግራቸው ይተርፋል አይተርፍም ሲባል ቆየ። በመጨረሻ እግሩ ተረፈ፣ የግራው ጣቶች ግን ተቆረጡ። አቦይ ወደ አገራቸው፣ ወደ እርሻቸው፣ በየማለዳው በእግራቸው ወደሚሳለሙት ደብራቸው አልተመለሱም። ጓሮ ያለችው ክፍል የእሳቸው ሆነች። አንድ ቀን ስለ ውሃው በክፉ አንሥተው አያውቁም። ተስፋይ ፊታቸው ሲያለቅስ «ኣይትሕዘን ወደይ፣ አትዘን ልጄ፣ እሳት አባት አያውቅም» ይሉታል። እሱን ያጽናናሉ፤ እኔን ይመርቃሉ።

ተስፋይ ማሞቂያውን ከግድግዳው ነቀለው። ዓባ ሻውል፣ ከእናቴ ቤት ጀርባ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው ፀጉር ያስተካክልና ጢም ይላጭ ነበር፤ ለእሱ ሰጠው። ቤታችን ወደ ፈርኔሎ ተመለሰ። እና ከዚያ በኋላ በየምሽቱ የማየው ነገር መጣ።

ተስፋይ ከሥራ ሲመለስ ውሃ ያሞቃል። ሳፋው ውስጥ ቀዝቃዛውን ያስቀድማል፣ ሙቁን ያስከትላል፣ እጁን ያስገባል፣ ክርኑን ያስገባል፣ እንደገና እጁን ያስገባል። ከዚያ አባቱ ፊት ተንበርክኮ እግራቸውን ያጥባል። የቆሰለውን በጨርቅ እያበሰ፣ ደህናውን እያሸ። በእኛ አገር ወንድ የሰው እግር አያጥብም፤ የሴት ሥራ ነው። ወንድ እግር ሲያጥብ የምናየው በጸሎተ ሐሙስ ካህኑን ብቻ ነው። ጎረቤቶች ሰምተው ሳቁ፤ «የተስፋይ ሚስት መምህርት ስለሆነች ምራትነቱን ለእሱ ሰጠችው» አሉ። አንድ ምሽት አላስችል ብሎኝ «ተነሣ፣ እኔ ልጠባቸው» አልኩት።

«አንቺ ምን አጠፋሽ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ በሩ ላይ እቆማለሁ። ልጅ አቅፌ፣ ሰውየው የእኔን ንስሐ ሲፈጽም አየዋለሁ። እግራቸውን ጨርሶ ጉልበታቸውን ይስማል፤ እኔ ልስመው የሚገባኝን ጉልበት። ፍርሃትና መደነቅ በአንድነት ይይዘኝ ነበር። ያ ከግድግዳ የወጣ ሙቅ ውሃ ካስደነቀኝ በላይ ይህ አስደነቀኝ። የክርስቶስን ሥራ መጽሐፍ ላይ አንብቤአለሁ፤ ቤቴ ውስጥ፣ ያውም በእኔ ውሸት ምክንያት ሲሠራ ማየት ግን ያስፈራል።

ከዓመት በኋላ ይሆናል፣ እናቴን ልጠይቅ ሄጄ ሰይድ በሩ ላይ ጠራኝ።

«እትዬ መምህርት፣ ይግቡ እንጂ ማሞቂያዎትን ይዩት! ወላሂ ባለቤትዎ ጀነት ይግቡ። ደንበኛ በደንበኛ ላይ ሆነልኝ።»

ገባሁ። ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሰይድ ጎንበስ ብሎ በምላጩ እጀታ አሳየኝ። «ከዚህች ከቀይ ነጥቧ ንቅንቅ አላደረግኋትም። ሲያመጡልኝ እዚህ ላይ ነበረች፤ ጌታዬ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው አልኩ። አንድ አገጭ አላቃጠለችም፣ አንድ ሰውም በረደኝ አላለም።»

ቧንቧውን ከፈተልኝ። ያን የተቃጠለ እጄን ከሥሩ አደረግኩ። ውሃው ልክ ነበር። አይፋጅም፣ አይበርድም፤ እናቴ ቅዳሜ ማታ በክርኗ ለክታ እንደምትሰጠን ያለ ውሃ። ተስፋይ አልተሳሳተም። ነጥቡ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነበር። የሰው እጅ ይህን ያህል ልክ ሊሆን ይችላል? ያኔ ወደ ቤቴ ሮጬ፣ እግሩ ላይ ወድቄ «ልክ ነበርክ» ልለው ይገባኝ ነበር። እያንዳንዳችሁ እንዲህ ታደርጉ ነበር፣ አይደል?

እኔ ጎንበስ አልኩና ቀዩን ነጥብ በጥፍሬ ፋቅሁት።

«ምነው እትዬ፣ ምልክቴን?» አለ ሰይድ ደንግጦ።

«ቆሻሻ መስሎኝ ነው። ማዞሪያዋን ካልነካሃት ምልክት ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«አይ መምህርት፣ ጽዳት ሲወዱ!» ብሎ ሳቀ። ጥፍሬ ሥር የቀረችውን ቀይ ቀለም በመንገድ ላይ እየጠረግኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ብዙም ሳይቆይ ተስፋይና ሰይድ መንገድ ላይ ተገናኙ። ሰይድ ዕቃው እንከን የለውም ብሎ አመሰገነው። ተስፋይ ያን ቀን እንጀራ አልቆረሰም። «ዕቃው እንከን የለውም አለኝ፣ ለተ። እኔ ደግሞ ማሞቂያው ተበላሽቶ ይሆናል እያልኩ ስጽናና ነበር። እንከኑ እኔ ነኝ» አለኝ። በሳምንቱ አለቃውን ለምኖ ውሃ ከሚሞቅበት ክፍል ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ። «ሰው ላይ የሚደርስ ውሃ ከእንግዲህ በእጄ አላሞቅም» አለ። የሚወደውን ሥራ በእኔ ምክንያት ተወ። ያ ለሰማይ ስለቀረብን ውሃችን ቶሎ ይፈላል ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ሰው፣ ብርድ ልብስና አምፖል ሲቆልፍና ሲከፍት ኖረ።

አቦይ ሲሞቱ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ። «እግሬን ያሞቅሽልኝ» አሉኝ። ለሌላ ሰው ይህ ፌዝ ይመስለው ይሆናል፤ እሳቸው ግን ከልባቸው ነበር። ያን ምርቃት የት አደርገዋለሁ? እንዳልመልሰው ባለቤቱ የለም፤ እንዳልይዘው ያቃጥላል።

ጃንሆይ ሄዱ፣ ሌላው መጣ፣ እሱም ሄደ። ልጆቻችን አደጉ። አያታቸው ለምን ያነክሱ እንደነበር ሲጠይቁ፣ ተስፋይ ራሱ ነበር «እኔ አቃጥያቸው ነው» እያለ የሚነግራቸው። እኔ እሰማለሁ፤ ሻሂ እቀዳለሁ።

የመጨረሻ ሕመሙ የልብ ነበር። ቀን ነው፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋው ላይ ተኝታለች። ልጆቹ ሐኪሙን ሊሸኙ ወጥተው እኔና እሱ ብቻችንን ቀረን። እጄን ያዘኝ፣ ያችኑ እጄን።

«ለተ፣ ጠቋሚዋ ነጥቡ ላይ ነበረች፣ አይደል?»

ከዚህ የበለጠ በር ተከፍቶልኝ አያውቅም። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሊሞት የደረሰ ሰው ዓይን አየሁ፤ በዚያ ዓይን ውስጥ ላለሁት ለእኔ ሳሳሁ። ለእሱ አይደለም የሳሳሁት። ላሳርፈው ብዬ ነው እንዳልል፣ የሚያሳርፈው እውነቱ ነበር።

«ነጥቡ ላይ ነበረች» አልኩት።

«ስንት ጊዜ ለካሁት» አለ ቀስ ብሎ። «እንዴት እንደተሳሳትኩ እስከዛሬ አልገባኝም።»

ሳይገባው ሞተ።

ወጣት ነበርኩ ልላችሁ እችላለሁ፤ እንግዳ በዝቶብኝ ነበር፣ ሕፃኗ አልቅሳ ነበር፣ ማንስ ሙቀት የማይሰማው እግር አለ ብሎ ያስባል ልላችሁ እችላለሁ። እነዚህ ሁሉ ለአንድ ቀን ይበቃሉ። እኔ ግን አንድ ቀን አይደለም የበደልኩት፤ ተስፋይ በየምሽቱ ሲንበረከክ በየምሽቱ ነው የበደልኩት። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእናንተ አይደለም፤ ባለ ይቅርታዎቹ ሁለቱም አፈር ገብተዋል።

አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ። ምናልባት ከእናንተ መካከል ልጄ ሰናይት ትኖር ይሆናል፤ ወይም የሃይሌ ልጆች፤ ወይም ያን ታሪክ ከአገር ቤት ሰምቶ በተስፋይ የፈረደ ሰው። ካላችሁ ደግማችሁ አንብቡት። ተስፋይ በልኩ አስቀምጦት ነበር። ነጥቡ ልክ ነበር። ያዞርኩት እኔ ነኝ።